ቀይ ያልነካው ብሎን

አማቴ አንድ ብሎን አጥብቀው ሲጨርሱ የጥፍር ቀለም ይቀቡታል። ቀይ ነው፤ የልጃቸው፣ ማለትም የባለቤቴ። ከብሎኑ ራስ ተነስተው ብሎኑ እስከተቀመጠበት ብረት ድረስ ቀጭን መስመር ያሰምሩና እፍ እያሉ ያደርቁታል። በኋላ ብሎኑ ከላላ መስመሩ ስለሚሰበር፣ ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው ወዲያው ይታወቃል። «ቀይ ያለበት ያለቀ ነው፤ ቀይ የሌለበት ገና ነው» ይላሉ። አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ የለመዱት ዘዴ ነው። መጀመሪያ ሳየው በሆዴ ስቄባቸው ነበር። ምነው ያን ጊዜ ሳቄን ትቼ ዘዴውን በተማርኩ።

መኪናዋ ሴይቼንቶ ነበረች። ለማያውቃት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ አራት ሰው በጭንቅ የምትይዝ ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት። በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ስትርመሰመስ ኖራለች። አማቴ አስመራ ተወልደው፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገብተው በአማርኛ የተማሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ጋራዥ ተቀጠሩ፤ ቆይተው የራሳቸውን ሴይቼንቶ ገዝተው ታክሲ ነዱ። በደርግ ጊዜ ያችን መኪና ሶማሌ ተራ አጠገብ አቁመው፣ ቁልፏን ኪሳቸው ከትተው በሱዳን በኩል ወጡ። ቁልፉ እስከዛሬ አለ። እንግዲህ እኚህ ሰው፣ ዊልስደን ከሚኖሩበት ቤት ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ፣ የአንድ ሟች ሽማግሌ ጋራዥ ሲጸዳ ዝገት የበላት ሴይቼንቶ መገኘቷን ሲሰሙ ምን እንደሆኑ መገመት አያቅትም። ሄደው ዞሯት፣ ጣራዋን ዳበሱና «እህቷ ናት» አሉ። መሪዋም በግራ ነበር፣ እንደ አገር ቤቷ።

እኔ ለንደን የገባሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በመጣው ግርግር ነው። ልጃቸውን ያገባሁት ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። ሂትሮው ሻንጣ የሚጎትቱ ትራክተሮች በሚጠገኑበት ጋራዥ እሠራለሁ። እዚያ ነገር ሁሉ በወረቀት ነው። እያንዳንዱ ብሎን ልክ አለው፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ በሚል ቁልፍ ይጠብቃል፤ ያጠበቀው ይፈርማል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ቼክ አድርጎ ይፈርማል። የላላ ብሎን አይቶ ዝም ያለ ሰው ቤቱ ይላካል። አማቴ ደግሞ ልኩን የሚያውቁት በክርናቸው ነው። ቁልፌን ባወጣሁ ቁጥር «ይሄ መጫወቻህ ደግሞ መጣ» ይሉኛል። እንዲህ እየተነካካን ነው እንግዲህ የምንዋደደው።

መኪናዋን ገዝተው ቤታቸው አጠገብ ወዳለው ጋራዥ ካስጎተቷት በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን መሥራት ጀመርን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ዝገቱን ቆረጥን፣ ወለሏን በየድነው፣ ከዚያ ፍሬኗን ሠራን። ሞተሯ ግን ከነአካቴው አልቆለት ነበር፤ ውስጡ የቀረው ውሃ በብርድ ወራት በረዶ ሆኖ ብረቱን ሰንጥቆታል። ማርሹን የያዘው ካምቢዮ ጤነኛ ነው። ስለዚህ አማቴ ካምቢዮውን ትተው ሞተሩን ሊቀይሩት ወሰኑ፤ ከሌላ የጣሊያን መኪና የወጣ፣ ጉልበቱ የበለጠ፣ ዘመኑም የቀረበ ሞተር። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከካምቢዮው ጋር አይገጥሙም። አማቴ በካርቶን ላይ ልኩን ስለው ቶርኖ ቤት ወሰዱና በሁለቱ መካከል የሚገባ ጠፍጣፋ ብረት አስቆረጡ። ሶማሌ ተራ እንዲህ ሲያደርጉ እንደኖሩ ነገሩኝ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ እየበላን ያሉትን ልንገራችሁ፤ የዚህ ታሪክ ነገር ሁሉ እሱ ላይ ነው። እናታቸው በመጨረሻ ዕድሜያቸው ሁሉን ረስተው ነው የሞቱት። አማቴን በሞተ ወንድማቸው ስም ይጠሯቸው ነበር። «እኔ ሞት አልፈራም» አሉኝ። «እንደ እናቴ መሆን ነው የምፈራው። ይቺን መኪና በቃሌ አውቃታለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ እገጥማታለሁ። ሌላ ሌላውን ልርሳ፣ የሰው ስም ልርሳ፣ ግድ የለም። ይቺን የረሳሁ ቀን ግን በቃ፣ አልቆልኛል ማለት ነው።» ይህን ብለው ወደ እንጀራቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርሳታቸውን እኔም መፈለግ ጀመርኩ።

ፈልጎ ያጣ ደግሞ የለም። አንድ እሁድ የረሳሁትን ጃኬት ልወስድ ጋራዡ ብገባ አንድ የፍሬን ቧንቧ ዳዶ ላልቶ አገኘሁ። ቀይ የለበትም። ቀይ የሌለበት ገና ነው፤ አውቃለሁ። ግን ማጥበቁን ነው የረሱት ወይስ ገና ሊመለሱበት ነው፣ በምን ይታወቃል? ፍሬን ነው፤ ሚስቴ የምትቀመጥበት መኪና ፍሬን። አማትን «ይሄን ረስተዋል» ማለት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አልነግርም፤ ለእኚህ ሰው ደግሞ ሞታቸውን እንደ መንገር ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ አጠበቅሁት። በሚቀጥለው እሁድም መጣሁ። እሳቸው ቅዳሴ ናቸው፤ ልጃቸውም አብራቸው ናት፤ የጋራዡ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ከዋይት ሲቲ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ፣ ቀጭ የሚለውን ቁልፌን ይዤ ቅዳሜ የነኩትን ሁሉ እዳስሳለሁ፣ ከቅዳሴ ሳይመለሱ እወጣለሁ። አምስት ወር ሙሉ። ጽድቅ የምሠራ ነበር የሚመስለኝ።

ሞተሩን ያስገባነው አንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ነው። በሰንሰለት ሰቅለን፣ እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ ሆነን፣ ከካምቢዮው ጋር አፍ ለአፍ አገጣጠምነው። ብሎኖቹን ሲያስገቡ እኔ ስልክ ተደውሎልኝ ውጭ ነበርኩ። በማግስቱ እሁድ ስመጣ ስድስቱም ብሎኖች አንድ አንድ ዙር ላልተዋል። ስድስቱም! ሞተርና ካምቢዮ የሚያያይዙ ብሎኖች! «ወይ ጋሼ፣ ጀመራቸው» አልኩ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ ተንበርክኬ አንድ በአንድ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረግሁ እስከ ልካቸው አጠበቅኋቸው። ቀይ አልቀባሁም፤ ጠርሙሱ ከአማቴ ጋር፣ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነው። አማቴ ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው፣ ረጅሙን ካቻቪቴያቸውን ይዘው መጡ። ሞተር የሚያዳምጡት በእሱ ነው፤ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

«ዛሬ መሃሏን እናገኛለን» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። መኪናዋ ሥር ገቡና የመጀመሪያውን ብሎን በቁልፍ ያዙ። ብረት ከብረት ሲነካካ ሰማሁ። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። ለእኔ የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው፤ ጫማቸው አይንቀሳቀስም።

«ልጄ።»

«አቤት ጋሼ።»

«እነዚህን ነክተሃቸዋል?»

«ኧረ አልነካሁም።»

አስቤበት አይደለም የወጣው። አገር ቤት፣ በዚያ በምርጫው ሰሞን፣ «አንተ ነህ?» ለሚል ጥያቄ የሚያዋጣው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ ምላሴ እሱን ለምዶ ቀርቷል። ይህን የምለው ለማመካኘት ነው፤ አውቀዋለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። «አዎ» ብል «መቼ?» ይሉኛል፤ «እሁድ» ብል «እሁድ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይሉኛል፤ አምስት ወር ከኋላቸው እየዞርኩ ሥራቸውን ስፈትሽ መኖሬ ሊወጣ ነው። ደግሞስ የጠበቀ ብሎን ማንን ጎድቶ ያውቃል?

«እነዚህ እኮ ላልተው ማደር ነበረባቸው» አሉ ከታች። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነው የሚናገሩት። «ያስቆረጥነው ብረት አዲስ ነው፤ የፀጉር ያህል ወደ ጎን ሊሄድ ይችላል። ሞተሩን በእጄ እያዞርኩ፣ እያዳመጥኩ፣ መሃሉን ካገኘሁ በኋላ ነው የማጠብቀው። ቅዳሜ ትቼው ነው የሄድኩት። ትቼው ነው የሄድኩት አይደለም?»

ያኔ ገባኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሞተሩ አልተነሳም፣ ምንም አልተሰበረም፣ ቁልፍ አምጥቶ ስድስት ብሎን መልሶ ማላላት ነው። አፌን ከፈትኩ። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ «አልነካሁም» ካልኩ ገና ደቂቃ አልሞላኝም። የአማቴን ዓይን እያየሁ «ዋሽቼዎት ነው» የምል ወንድ አልነበርኩም።

ከመኪናዋ ሥር ወጡና ተገልብጦ በተቀመጠ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ግንባራቸውን አልቧቸዋል። ጣታቸውን እያጠፉ ማሰብ ጀመሩ። ቅዳሜ ምን እንደበሉ፣ ሰንሰለቱን ማን እንደያዘ፣ ከዚያ ማን እንደደወለ። ሁሉንም ልክ ነው የሚሉት። ብሎኖቹ ጋ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ፤ መጥበቃቸውን የሚያስታውስ ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ የለም። እንዴትስ ይኖራል?

በመጨረሻ «እንዲህ ነው» አሉ። «እኔ መሃሉን ሳላገኝ አጥብቄ አላውቅም። በሕይወቴ። ጠብቀዋል። ስለዚህ መሃሉን አግኝቻለሁ፣ ረስቼው ነው። ቀዩንም መቀባት ረስቻለሁ።»

እንከን የሌለው አስተሳሰብ ነው፤ የተሠራው ግን በእኔ ውሸት ላይ ነው። «ለማንኛውም ፈትተን ደግመን ብናየው?» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ። ቀና ብለው አዩኝ። «አንተም አላመንከኝም?» አሉ። ጠርሙሱን ከኪሳቸው አወጡ። ስድስቱም ላይ ቀይ አሰመሩ።

የኋላ ጎማዎቿን በክሪክ አንስተን አስነሳናት። መጀመሪያ አማረባት፤ እውነቴን ነው፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል እግዚአብሔር የማረኝ መሰለኝ። ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሽ አስገቡ። መጀመሪያ ቀጭን ጩኸት፣ ከዚያ የሚፈጭ ድምፅ፣ ከዚያ ቀው። ከካምቢዮው ውስጥ ነው። አማቴ ቁልፉን አጠፉና እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ቀሩ። ሁለቱ መሃል ለመሃል ስላልገጠሙ፣ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ተሰብሮ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ የጣልኩት የሰው ብብት ውስጥ የነበረውን ነው።

«በቃ» አሉ። ቱታቸውን አውልቀው አጠፉት። የመኪናዋን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡ። «ሽጣት ወይ ጣላት። እኔ ከእንግዲህ ብረት አልነካም።»

ቀጥሎ የመጡት ሳምንታት መቼም አይረሱኝም። አማቴ ከቤት መውጣት ተዉ። አውቶቡስ ተሳፍሬ መውረጃዬን ብረሳስ ይላሉ። የኩሽና ቁም ሳጥኑ ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ «ስኳር»፣ «ጨው»፣ «መድኃኒት»። ፊታቸው ላይ ያለው ፍርሃት በራሱ ያስረሳቸው ጀመር፤ ሻወር ከፍተው ይወጣሉ፣ አንድን ጥያቄ ሁለቴ ይጠይቃሉ። ባለቤቴ ለንደን ተወልዳ ያደገች ናት፤ ነገር ታፍጥናለች።

«ዳዲ ኢዝ ኖት ኦኬ» አለችኝ አንድ ቀን ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «መኪናዋን ራሱ ረሳ እኮ! ዶክተሩ ሪፈር አድርጎታል፣ የሜሞሪ ቴስት አፖይንትመንት መጥቷል። ዊል ዩ ቴክ ሂም? እኔ ሥራ አለኝ።»

«ለምርመራው እኔ እወስዳቸዋለሁ» አልኩ። ለእሷም አልነገርኳትም። ልነግራት ቁጭ ብዬ፣ ሻይ ቀድቼ፣ ስለ አየሩ አውርቼ የተነሳሁበት ቀን ብዙ ነው።

ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት አማቴ አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። ውስጡ መንጃ ፈቃዳቸውና መንዳት ማቆማቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። «ሰው ሳልገድል ልመልስላቸው። ፖስታ ቤት ክተትልኝ» አሉ። ዊልስደን ዋናው መንገድ ላይ ያለው ቀይ የፖስታ ሣጥን አጠገብ ቆምኩ። ፖስታውን ግማሽ ድረስ አስገባሁት። እጄ አልለቀው አለ። መልሼ የጃኬቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ሥራ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቴ ላይ ይዤው ስዞር ሰነበትኩ። ሂትሮው ላይ ለእያንዳንዱ ብሎን እፈርማለሁ፤ ደረቴ ላይ ያለውን ግን የሚፈትሽ የለም።

የቀጠሮው ቀን ሐሙስ ነበር። አማቴ ለቅዳሴ የሚለብሱትን ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ጠበቁኝ። መቆያ ክፍሉ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻቸው አንዱ ምን እንደሚጠየቅ ነግረዋቸዋል መሰለኝ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያጠናሉ። «ዛሬ ሐሙስ ነው… ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ…» ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ነው። ሰባ ሁለት ላይ ሲደርሱ ይቆሙና እንደገና ከመቶ ይጀምራሉ። ከዚያ እጄን ያዙ። አማቴ እጄን ይዘውኝ አያውቁም።

«ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ገብቼ ካልቻልኩ ለሷ አትንገራት። ደህና ነበር በላት።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ሰዎች ምን ያህል ሊያድር እንደሚችል አይናገሩም። እኔ ዘጠኝ ሳምንት አሳደርኩት።

«ጋሼ» አልኩ። «ብሎኖቹን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።»

አልሰሙኝም መሰለኝ። «ሰማንያ ስድስት» አሉ።

«ጋሼ፣ የሞተሩን ብሎኖች። ላልተው ነበር። እሁድ መጥቼ እኔ አጠበቅኋቸው። እርስዎ አልረሱም። ሲጠይቁኝ ዋሸሁ።»

ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው እስከ ውስጤ ድረስ የሚያይ ነበር። ስድብ ጠበቅሁ። ጥፊም ቢሆን ዝግጁ ነበርኩ።

«ስድስቱንም?»

«ስድስቱንም።»

«በምን?»

«በዚያ… ቀጭ በሚለው።»

እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚስቁ መሰለኝ፤ ከዚያ የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ ሁለቱንም ነበር። «ተመስገን» አሉ። «ተመስገን አምላኬ! ልጄ፣ አንተ ነህ! አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም!» ጮክ ብለው ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ በዚያች ሰዓት ነው የሠራሁት ነገር ሙሉ በሙሉ የገባኝ። ዘጠኝ ሳምንት የፈራሁት ቁጣቸውን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ያን ቃል ቢሰሙ እግሬን ሊስሙ የሚችሉ ሰው ነበሩ።

«ሌላም አለ» ብዬ ፖስታውን ከኪሴ አወጣሁ። ተጨማድዷል፤ ላቤም ነክቶታል። አገላብጠው አዩት። ያኔ ነው ቁጣው የመጣው።

«አንተ ከይሲ! ፖስታ እንኳ በአንተ አይላክም?» ብለው በፖስታው ራሴን መቱኝ። ሁለቴ። ምርመራውን የምታደርገው ሴት ወጥታ ስማቸውን ጠራች። ክራቫታቸውን አስተካክለው ገቡ። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ሲወጡ ፊታቸው ቀልቷል። «ሁሉንም መለስኩ» አሉ። «አንድ ቅነሳ ላይ ብቻ ተሳሳትኩ። እሱም ባንተ ተናድጄ ነው።»

ባለቤቴ ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ስትጀምር ደግሞ ባልጀመረች አሰኘችኝ፤ በሁለት ቋንቋ ነው የሰደበችኝ። ይገባኛል።

የተሰበረውን ዘንግ የሚተካ እስክናገኝ ሌላ የብርድ ወራት አለፈ። ብሎኖቹን ደግመን ስናስገባ አማቴ ላላ አድርገው ትተው ወጡና ሳምንት ሙሉ አሳደሩኝ፤ ሆን ብለው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞተሩን እኔ በእጄ እያዞርኩ፣ ካቻቪቴውን በእኔው ጆሮ ላይ አደረጉት። መሃሉ ጋ ሲደርስ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ሰማሁት። «አሁን አጥብቅ» አሉኝ። በቱታቸው ኪስ ውስጥ ሌላ ጠርሙስ ነበር፤ አረንጓዴ የጥፍር ቀለም። ከፋርማሲ ራሳቸው ሄደው ነው የገዙት። «አንተ የነካኸው ሁሉ አረንጓዴ ይቀባል» አሉ። «ከእንግዲህ ማን ምን እንደነካ እንወቅ።» መኪናዋ በበጋው ተነሳች፤ ከዊልስደን እስከ ዋይት ሲቲ በሦስተኛ ማርሽ፣ ፍሬቻ ማጥፋት እየረሱ፣ ነዱኝ። መርሳታቸውን አልቆጠርኩም።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። መርሳቱ በኋላ መጣ፣ እውነተኛው። ቀስ እያለ ነው የመጣው። መኪናዋ አሁን ጋራዡ ውስጥ ተሸፍና ቆማለች፤ አማቴ አይነዱም። ግን አንዳንድ ቀን፣ ሥራ ላይ እያለሁ፣ ስልኬ ይጮኻል።

«ልጄ፣ የጋራዡ ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ነው የተገኘው።»

ከዚያኛው ጫፍ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ በፍርሃት የተያዘ ትንፋሽ ነው፤ ከዚያች ሰኞ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«አንተ ነህ የነካኸው?»

«አዎ ጋሼ። እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አረንጓዴ አልቀባህበትም?»

«ረሳሁት ጋሼ።»

ትንፋሻቸው ይለቃል። «አይ አንተ!» ይሉኛል፣ ድምፃቸው እየሞቀ። «በዚህ ዕድሜህ እንዲህ ከረሳህ፣ እኔን ስታክል ምን ልትሆን ነው?» ከዚያ እስኪበቃቸው ይሰድቡኛል፣ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው እሰማቸዋለሁ።